የንዳድ ቀጠሮ

“ለሐሙስ ይሁንልኝ፣ ጌታዬ” አለ አቶ ከተማ፣ ኩታውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ። “ነገ አቃቂ ወርጄ የምረከበው ጭነት አለ። ሐሙስ ግን ከማለዳ ጀምሬ እዚሁ ነኝ።”

ወርቅአፈራሁ ዳኛው ፊት እንደ ቆመች፣ ነጠላዋ ውስጥ በደበቀችው እጇ ቀኖቹን መቁጠር ጀመረች። ዓርብ፣ እሑድ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ። ቆጠራውን አላመነችውምና እንደገና ከዓርብ ጀመረች። ጣቷ እዚያው ላይ ወደቀ። ሐሙስ ባሏን ንዳድ የሚጥልበት ቀን ነው። ዛሬም የሚጥልበት ቀን ነው። ክሱ መጀመሪያ የተሰማበት ያ ዓርብም እንደዚሁ ነበር።

እስካሁን አጋጣሚ መስሏት ነበር። ቀና ብላ አቶ ከተማን አየችው። ሰውየው ጢሙን እያሻሸ፣ ወደ ሰማይ አንጋጦ ፀሐይዋ የት እንደ ደረሰች ይመለከት ነበር። ያኔ ገባት። ቀኑን እየመረጠ የጠየቀው እያወቀ ነው።

አቶ ከተማ ከጎሬና ከወለጋ ቡናና ሰም እየጫነ አራዳ የሚያራግፍ ሲራራ ነጋዴ ነው። የወርቅአፈራሁ ባል መድኃኔ ደግሞ አጋሰስ ነጂው ነበር። መድኃኔ ከሌሎቹ ነጂዎች የሚለየው የራሱ በቅሎ ስላለችው ነው፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት አንዲት ቦራ በቅሎ። በሰባት ዓመት ልፋት ያገኛት ናት፤ ባልና ሚስቱ ከጎጇቸው ሌላ ያላቸው ሀብት እሷ ብቻ ነበረች።

ባለፈው መስከረም ከጎሬ ሲመለሱ ዴዴሳ ሞልቶ አላሻግር አላቸው። ወንዙ እስኪጎድል ሃያ ቀን ቆላው ውስጥ ተቀመጡ። ነጂዎቹ ሜዳ ላይ፣ በጭነቱ መካከል ይተኙ ነበር። አቶ ከተማ ግን ድንኳኑ ውስጥ አንድ ፈረንጅ የሸጠለትን አጎበር ዘርግቶ ይተኛል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከትንሽ ጠርሙስ ኪኒን እያወጣ ይውጣል። ንዳዱን የምታመጣው ቢንቢ ናት ብሎ ፈረንጁ እንደ ነገረው ለነጂዎቹ እየሳቀ አውርቶላቸዋል። ከጠርሙሱ ግን ለአንዳቸውም አላካፈለም። “የእናንተ ደም የለመደው ነው” ነበር ያላቸው።

ወንዙን በተሻገሩበት ቀን መድኃኔ በእግሩ መቆም አቃተው። አቶ ከተማ አንድ ዛፍ ሥር አስተኛው፤ ጥቂት ዳቦ ቆሎና አንድ ቅል ውሃ አስቀመጠለት፤ ከዚያ ቦራዋን በቅሎ ከነጫነችው ሰም ነድቶ ሄደ። አራዳ ሲገባም መድኃኔ በቅሎውን ከነሰሙ ይዞ ጠፋ ብሎ አወራ። ሌሎቹ ነጂዎች የሆነውን አይተዋል፤ ግን የሚበሉት ከእሱ እጅ ነውና አንዳቸውም አልተነፈሱም።

መድኃኔን የአገሩ ገበሬዎች አገኙት። በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ደጋው አወጡትና በማያውቁት ሰው ላይ ሁለት ወር ደክመው አስታመሙት። ታኅሣሥ ሲጋመስ፣ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ፣ ወርቅአፈራሁ በር ላይ መጥቶ ቆመ። ንዳዱም አብሮት መጣ። አንድ ቀን እያሳለፈ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ይመጣበታል። መጀመሪያ ያንቀጠቅጠዋል፣ ቀጥሎ ያቃጥለዋል፣ ወደ ማታ በላብ አጥቦ ይለቀዋል። በማግስቱ ሰው ነው፤ ይበላል፣ ይራመዳል፣ ይናገራል። ኪኒን ፍለጋ ወርቅአፈራሁ የአራዳን ሱቆች ሁሉ ዞራለች። አልቋል፣ በባቡር እስኪመጣ ጠብቂ ብለው መልሰዋታል።

ዓርብ ዕለት መድኃኔ ራሱ ከማለዳ ጀምሮ እዚሁ ዳኛው በሚያስችሉበት ዛፍ ሥር ቆሞ ጠብቆ ነበር። አቶ ከተማ ዘግይቶ፣ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል መጣ። መድኃኔ ገና “በቅሎዬን” ብሎ ሲጀምር ጥርሱ ይንገጫገጭ ጀመር፤ ከዚያ ጉልበቱ ከዳውና ሕዝብ መካከል ወደቀ። “ሰክሮ ነው” አለ አቶ ከተማ። “ሲነዳም እንዲህ ነበር።” ቀጥሎ ለማክሰኞ ቀጠሮ ለመነ። ዛሬ ጠዋት መድኃኔ ሊመጣ ተነስቶ ነበር፤ ደጃፉን ሳያልፍ አዙሮት ተቀመጠ። ስለዚህ ወርቅአፈራሁ መጣች።

“ጌታዬ፣ ሐሙስ አይሁን” አለች።

ዳኛው ግራዝማች ወልደሥላሴ ከወንበራቸው ቀና አሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጉዳይ የሚጠብቀው ሰው ብዛት ግን አሰልችቷቸዋል። “ለምን?”

“ሐሙስ ባሌን ንዳድ ይጥለዋል።”

ከተሰበሰበው ሰው ሳቅ ተሰማ። “ንዳድ ከመቼ ወዲህ ነው ቀን ቆርጦ የሚመጣው?” አለ አንዱ ከኋላ።

“ይኼኛው ቀን ቆርጦ ነው የሚመጣው” አለች ወርቅአፈራሁ ወደ ኋላዋ ሳትዞር። “አቶ ከተማም ያውቁታል። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ቆላ ሲወርዱ ሲወጡ ነው። ዓርብ ባሌን እዚህ ሲጥለው አዩ፤ ማክሰኞን ጠየቁ። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ሐሙስን ጠየቁ። ሰኞን ወይም ረቡዕን ለምን እንዳልጠየቁ ይጠይቁልኝ።”

ግራዝማች ወደ አቶ ከተማ ዞሩ። እሱ ትከሻውን ነቀነቀ። “ጌታዬ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ነጻ የምሆንበትን ቀን ነው የተናገርኩት።”

“እኔ ቆላ ወርጄ አላውቅም” አሉ ግራዝማች። “የማውቀው ከሳሽ ቆሞ ሲናገር ነው። ዓርብ ቆመና ወደቀ፤ ዛሬ የለም። ሐሙስ ካልቀረበ ነገሩ ይዘጋል።”

“ነገ ይስሙት ጌታዬ። ነገ ማለዳ በእግሩ ይመጣል።”

“ነገ አልችልም ብያለሁ” አለ አቶ ከተማ። “የእሷ ባል እስኪሻለው አራዳ ሥራ ይፍታ?”

እንደገና ተሳቀ። ወርቅአፈራሁ ሳቁ እስኪያበቃ ጠበቀች። ዓርብ ዕለት ባሏ አፈር ላይ ወድቆ ሲንቀጠቀጥም እንዲሁ ነበር የሳቁት። ምናልባት እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

“እንግዲያው ያቆራኙን” አለች።

ግራዝማች የሰሙትን የተጠራጠሩ መሰሉ። “ማንን ከማን?”

“እኔን በባሌ ቦታ ከእሳቸው ጋር። ነገ ጠዋት ሦስታችንም እዚህ እንገኛለን።”

ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው፣ ፍርድ እስኪያገኙ አብረው መዋላቸው አብረው ማደራቸው በአራዳ በየቀኑ የሚታይ ነገር ነው። ሴት ከወንድ ጋር አቆራኙኝ ስትል ግን እዚያ ከነበሩት ማንም ሰምቶ አያውቅም። ግራዝማች ጥቂት አሰቡ፤ በጉንጫቸው ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር አለፈ።

“የጠያቂዋ መብት ነው” አሉ። “አቶ ከተማ፣ ዋስ ትጠራለህ ወይስ ትቆራኛለህ?”

አቶ ከተማ ዙሪያውን ተመለከተ። ጠቅላላ የአራዳ ነጋዴ የቆመ መሰለው። አንዱ ከወዲያ “ዋስ ልሁንህ ወይስ ሚዜ?” አለና ሌላው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

“ለሴት ነጠላ ዋስ አልጠራም” አለ አቶ ከተማ፣ አብሮ ሊስቅ እየሞከረ። “ትቆራኘኝ። ፀሐይ ስትከር ባሏ ትዝ ይላትና ራሷ ትፈታዋለች።”

አንድ ዘበኛ መጣና የኩታውን ጫፍ ከነጠላዋ ጫፍ ጋር ሁለት ጊዜ ቋጠረው። “ነገ ማለዳ” አሉ ግራዝማች፣ ወደሚቀጥለው ባለጉዳይ እያዩ።

ከሕዝቡ መካከል ሲወጡ አቶ ከተማ ወደ ግራ ታጠፈ። ወርቅአፈራሁ ባለችበት ቆመች። ኩታው ተወጠረና እሱም ቆመ።

“ምነው?”

“ወዴት ነው?”

“ወደ መደብሬ ነዋ። አንቺ ደጃፉ ላይ ትቀመጫለሽ።”

“መደብር አንሄድም። ባሌ ብቻውን ተኝቷል። አሁን ሊጀምረው ነው።”

“እኔ አንቺ ጎጆ ውስጥ ምን ላደርግ?”

“ና፣ ውረድ” አለችው።

ሁለቱም እኩል ሰሙት። ባሏ ስድስት ዓመት ያገለገለውን፣ መንገድ ላይ ስታየው ጎንበስ ብላ የምትሰላምለትን ሰው አንተ አለችው። አቶ ከተማ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ነገር ግን የሰው ዓይን ሁሉ ቋጠሮው ላይ ነበር፤ ከአንዲት ሴት ጋር ገበያ መካከል ልብስ ከመጓተት በገዛ ፈቃዱ የሚሄድ መምሰል ተሻለው። ጎን ለጎን ጊዮርጊስን ወደ ኋላ ትተው፣ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ቁልቁል ወረዱ። እሷ ፈጠነች፤ እሱ አቧራውን እየፈራ፣ ልብሱን ሰብስቦ ተከተላት።

ጎጆው በር ላይ ሲደርሱ ጎረቤቷ እትዬ እፀገነት ከውስጥ ብቅ አሉ። መድኃኔን ይጠብቁላት የነበሩት እሳቸው ናቸው። “ጀምሮታል” አሉ። ቀጥሎ እንግዳውን፣ ከዚያም ቋጠሮውን አዩና ከበሩ ገለል አሉ።

አቶ ከተማ የበሩ ደፍ ላይ ቆመ። “ሕመሙ ቢጋባብኝስ?”

“ቢንቢ ናት የምታመጣው ብለህ የለም እንዴ” አለችው። “እዚህ ቢንቢ የለም። ግባ።”

መድኃኔ መደቡ ላይ ተጠቅልሏል። ያላቸው ጋቢ፣ ደበሎ፣ የእትዬ እፀገነት ብርድ ልብስ ሳይቀር ተደርቦለት ያ ሁሉ ልብስ አብሮት ይንቀጠቀጣል። ጥርሱ ሲጋጭ ከበር ይሰማል። ወርቅአፈራሁ አጠገቡ ስትቀመጥ፣ ቋጠሮው አጭር ነበርና አቶ ከተማም የግዱን መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

“እየው” አለችው።

“አይቻለሁ።”

“አላየኸውም። ግድግዳውን ነው የምታየው።”

ብርዱ ሲለቀው ትኩሳቱ ተከተለ። መድኃኔ ልብሱን አንድ በአንድ እየገፈፈ ጣለ። ዓይኑ ቀላ። እትዬ እፀገነት ጨርቅ በውሃ እየነከሩ ግንባሩ ላይ ሲያደርጉለት፣ ዓይኑ ከእሳቸው አልፎ አቶ ከተማ ላይ አረፈና እዚያው ቀረ።

“አቶ ከተማ” አለ፣ በሚለምን ድምፅ። “ውሃው ራቀብኝ። ቅሉን በእግርዎ እንኳ ወደዚህ ይግፉልኝ።”

አቶ ከተማ እግሩን ወደ ራሱ ሰበሰበ።

“በቅሎዋን አይውሰዱብኝ። ሰሙን ሌሎቹ ላይ ያከፋፍሉት፤ እኔን ጀርባዋ ላይ እሰሩኝ። አልጮህም፣ አላስቸግራችሁም። እመለሳለሁ አሉኝ አይደል? እጠብቃለሁ። ሌሊት ጅብ ይመጣል እኮ፣ አቶ ከተማ። እሳቱን ማን ያነድልኛል?”

እትዬ እፀገነት ጨርቁን እንደ ያዙ ቀሩ። “ምንድን ነው የሚለው?”

“ይቃዣል” አለ አቶ ከተማ። “የንዳድ ወሬ ነው።”

“ያልሆነውን ነው የሚቃዠው?” ወርቅአፈራሁ ጠየቀችው።

አቶ ከተማ ፊቱን እንደገና ወደ ግድግዳው አዞረ። ከአንገቱ ሥር ላብ ወርዶ የኩታውን ጥለት አርጥቦታል። ወርቅአፈራሁ ከመደቡ ሥር የነበረውን ቅል አንስታ ለራሷ አልያዘችውም፤ ሰውየው እጅ ላይ አስቀመጠችው።

“አጠጣው።”

“አንቺ...”

“አጠጣው አልኩህ። ለምኖሃል።”

አቶ ከተማ ቅሉን ወደ መድኃኔ አፍ አስጠጋ። ግማሹ ውሃ በሕመምተኛው አገጭ ላይ ፈሰሰ። መድኃኔ ጠጥቶ ሲያበቃ የሰውየውን እጅ አንጓ ይዞ “እግዜር ይስጥልኝ” አለው። ወርቅአፈራሁ ይህን ስትሰማ እንባዋ መጣባት፤ ግን ሐዘን አልነበረም። ያን ጊዜ የሚመታ ነገር እጇ ላይ ቢኖር ኖሮ ምን ታደርግ እንደነበር አታውቅም። ሰው እንዴት እንዲህ የሚያመሰግን አፍ ጥሎ ይሄዳል?

ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ላቡ መጣ። መድኃኔ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተዘርሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ መተንፈስ ጀመረ። አቶ ከተማ ጉሮሮውን ጠረገ።

“በቅሎዋ አለች” አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። “ሰበታ፣ ዘመዴ ዘንድ ናት። አልሸጥኳትም። ነገ አስመጣላችኋለሁ።”

እጁን ወደ ኪሱ ሰደደና ትንሽ ጠርሙስ አወጣ። ከግማሽ በላይ ሙሉ ነበር።

“ኪኒን ነው። ይህን ሰባት ቀን ከዋጠ ንዳዱ ይተወዋል። በቅሎዋንም ኪኒኑንም ውሰዱ። ዳኛው ጋ ግን ነገሩን ትታችሁታል። ተታረቅን ትላላችሁ፤ በቃ።”

ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጣዋ ውስጥ ክፍተት ተፈጠረ። ሱቅ ለሱቅ ዞራ ያጣችው ነገር ሰውየው መዳፍ ላይ ነው። እጇን ብትዘረጋ ይደርሳል። ከነገ ወዲያ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ መድኃኔ ላይንቀጠቀጥ ይችላል። ሁለት ወር ሙሉ ሌላ ነገር አልተመኘችም።

“በቅሎዋ አለች?” አለ መድኃኔ። ዓይኑን ገልጦ ነበር። ድምፁ ደክሟል፤ ግን የራሱ ድምፅ ነው። ሰውየውን አየ፣ ቋጠሮውን አየ፣ ምን እንደ ሆነ አልጠየቀም። “ውሰጂው፣ ወርቄ። ደክሞኛል። ጠብ አልፈልግም።”

“ከዚያስ?” አለችው። “ድነህ ገበያ ስትወጣ የሚጠብቅህ ምንድን ነው? ሰም ሰርቆ የጠፋው መጣ ይሉሃል። በቅሎዋን ስትነዳ ሲያዩህ ደግሞ፣ ይኼው የሰረቃት በቅሎ ይላሉ። ማን ጭነት ያሸክምሃል?”

“ሌባ ይሉኛል” አለ መድኃኔ።

“ሰው ይረሳል” አለ አቶ ከተማ። “ሁለት ሦስት ወር ነው።”

ወርቅአፈራሁ ወደ እሱ ዞረች። “ታሞ ጥዬው መጣሁ፣ በቅሎውንም የወሰድኩት እኔ ነኝ ብለህ ነገ ትናገራለህ?”

“አብደሻል? እኔ እኮ በዚህ አገር ስም ያለኝ ሰው ነኝ።”

“እሱም ነበረው።”

እትዬ እፀገነት ከምድጃው በኩል “እውነቷን ነው” አሉ ለራሳቸው እንደሚያወሩ።

“እሺ፣ እንዲህ እናድርግ” አለች ወርቅአፈራሁ። ድምፅዋ ከቀኑ ሁሉ ይልቅ አሁን ረጋ ብሏል። “የነገው ለነገ ይቆይ። ከዚያ ጠርሙስ አንዲት ኪኒን አሁን ስጠው። ውል የለ፣ ዕርቅ የለ። ታሞ ስላየኸው ብቻ።”

አቶ ከተማ ጠርሙሱን አየ፣ መድኃኔን አየ። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጥፎ ጠርሙሱን ወደ ኪሱ መለሰው። “መጀመሪያ ነገሩ ይለቅ” አለ።

መድኃኔ ክንዱን ተደግፎ ቀስ ብሎ ቀና አለ። የሰውየውን ኪስ ትኩር ብሎ ተመለከተ።

“ነገ ማለዳ በእግሬ እሄዳለሁ” አለ። “ቀስቅሺኝ።”

ወርቅአፈራሁ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ዞረች። “እትዬ እፀገነት፣ የሰሙትን ዳኛው ፊት ይደግሙልኛል?”

“አንድ ቃል ሳላጎድል” አሉ። “ዛሬም እዚሁ ከእናንተ ጋር አድራለሁ፤ የሰው አፍ አይታመንም።”

“እንግዲያው ያንን ቁርበት ያቀብሉኝ።”

“ይህ ምንድን ነው?” አለ አቶ ከተማ። “እዚህ ላድር? እኔ?”

ወርቅአፈራሁ ቁርበቱን ተቀብላ ከመደቡ ሥር፣ መድኃኔ በሌሊት ውሃ ቢጠይቅ ቅሉ ከማይርቅበት ቦታ ላይ ለሰውየው አነጠፈችለት። በበሩ በኩል ያለውን ቦታ ለራሷ አስቀረች።